ልዩ ክፍል በስሙ ሳይሆን በትምህርቱ ይለይ



አንድ ወላጅ ልጁ በውጤቷ ተመርጣ «ልዩ ክፍል» መግባቷን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ለጎረቤትም ያወራል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሌላው የተለየ ምን እንደምትማር ግን የሚነግረው የለም። ከመምህራንና ከወላጆች ጋር ባደረግናቸው ውይይቶች ደጋግመን የሰማነው መልስ አንድ ነው፤ መጽሐፉ ያው፣ ቤተ ሙከራው ዝግ፣ የተጨመረው ደግሞ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄ ብቻ ነው። ይህ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከመባል አያልፍም።

ጉዳዩ የጥቂት ጎበዞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በአንጻሩ አንዳንድ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያስፈተኗቸውን ሁሉ አሳልፈዋል። ከዚህ ተነስቶ መፍትሔው ልዩ ትምህርት ቤት ማብዛት ነው የሚል ክርክር ይሰማል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እናነሳለን። በሚኒስትሪ ፈተና ከሁሉም የላቁትን ለቅሞ የወሰደ ትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ቢያመጣ የሚያስገርም አይደለም። መጠየቅ ያለበት ልጆቹ ሲገቡ ከነበራቸው እውቀት ላይ ትምህርት ቤቱ ምን ጨመረላቸው የሚለው ነው።

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ጄኔራል ዊንጌት በአዳሪነት፣ በዕደ ማርያም ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ሥር ሆነው ከየጠቅላይ ግዛቱ ልጆችን በውጤታቸው እየመረጡ አስተምረዋል። የድሃውም ልጅ ጎበዝ ከሆነ በሩ ይከፈትለት ነበር። ጉድለታቸው ጥቂት መሆናቸውና አዲስ አበባ ላይ መከማቸታቸው ነው። እኛ ያንን ዕድል በየከተማው ማየት እንሻለን።

ለመሆኑ ጠንካራ ትምህርት ማለት ምን ማለት ነው? የ10ኛ ክፍልን መጽሐፍ በ9ኛ ክፍል መጨረስ አይደለም። መጽሐፍ ቶሎ መጨረስና ማወቅ የተለያዩ ናቸው። በሒሳብ ቀመሩን ከመሸምደድ አልፎ ለምን እውነት እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። በፊዚክስ የፔንዱለምን ውዝዋዜ በገዛ እጅ ለክቶ፣ ልኬቱ ከመጽሐፉ የተለየበትን ምክንያት ማስረዳት ነው። በቋንቋ ትምህርት ደግሞ በምርጫ ጥያቄ ላይ ከማክበብ ይልቅ አንድን ሐሳብ በማስረጃ ደግፎ መጻፍ ነው።

በመሆኑም ብትመርጡን የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል እንገባለን።

1. ለልዩ ክፍሎች በየትምህርት ዓይነቱ ተጨማሪ የሥርዓተ ትምህርት መለኪያ ይጻፋል። ወላጅ ሁሉ እንዲያየው በግልጽ ይታተማል።

2. በእነዚህ ክፍሎች የሚያስተምሩ መምህራን በሙያቸው ልዩ ሥልጠናና ተገቢ አበል ያገኛሉ። ሆኖም ሌሎቹን ክፍሎች ያለ ብቁ መምህር አስቀርቶ ልዩ ክፍል መክፈት አይፈቀድም።

3. ምርጫው በካርድ ውጤት ብቻ አይሆንም፤ የአንዱ ትምህርት ቤት 95 ከሌላው 80 ላይበልጥ ይችላልና። የጋራ መመዘኛ ልጆቹ በሚማሩበት ቋንቋ ይሰጣል። አስጠኚ መቅጠር የማይችል ቤተሰብ ልጅ እንዳይገፋ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ለገጠር ወረዳዎች ቦታ ይጠበቃል።

4. በ7ኛ ክፍል ያልተመረጠ ልጅ በ9ኛ ወይም በ10ኛ ክፍል ዳግም ዕድል ያገኛል። ልጅ አንዴ ስለዘገየ በሩ ለዘለዓለም አይዘጋበትም።

5. የልዩ ክፍል ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ለከተማው ተማሪዎች ሁሉ ክፍት ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለምትሉን መልሳችን ግልጽ ነው። መለኪያ መጻፍና መምህር ማሠልጠን ከሕንፃ ግንባታ እጅግ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ ያሉት ልዩ ክፍሎች በትክክል እስኪሠሩ ድረስ አዲስ የመሠረት ድንጋይ ለማስቀመጥ አንቸኩልም። ይህ ለሪባን ቆራጭ ባለሥልጣን ደስ ላይለው ይችላል፤ ለልጆቻችሁ ግን ይጠቅማል።

ውድ የከተማ ነዋሪዎች፣ ጎበዙን ልጅ ሽምደዳ ላይ አስቀምጦ ማባከን በደል ነው። ጎበዙን ለይቶ ሌላውን መርሳትም በደል ነው። ሁለቱንም ለማስቆም የምርጫ ካርዳችሁ በእጃችሁ ነው። ለምረጡኝ የሚመጣውን ሁሉ፣ እኛንም ጭምር፣ «በዚያ ክፍል ልጄ ምን ትማራለች?» ብላችሁ ጠይቁ። አጥጋቢ መልስ ለሰጣችሁ ድምፃችሁን ስጡ።