ዕቃው መጀመሪያ ምን ይዞ ነበር?

እኛ አገር ዕቃ ዝም ብሎ አይጣልም። የኒዶ ጣሳ ወተቱ ሲያልቅ የቡና ወይም የስኳር ማስቀመጫ ይሆናል። የዘይት ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል፤ ሲሸነቆር አናቱ ተቆርጦ ጤና አዳም ይተከልበታል። ያረጀ ሹራብ ተተርትሮ ክሩ ለስፌት ይውላል። ከዚህ የተረፈውን ቁራሌው በር ድረስ መጥቶ ይገዛዋል፤ ልዋጭ ባዩም በሳፋ ይለውጠዋል። ብዙ ዓመት ሆም ኢኮኖሚክስ አስተምሬያለሁ፤ ይህን ልማድ ተማሪዎቼ እንዲያከብሩት ስጥር ኖሬያለሁ። አሁንም እላለሁ፦ ከመጣላችሁ በፊት ምን ይሆነኛል በሉ። ከዚያ ጥያቄ በፊት ግን አንድ ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት፤ ዕቃው መጀመሪያ ምን ይዞ ነበር?

መልሱ የሚያስደስት ሲሆን ሥራው ራሱ ደስ ይላል። የገበያ ቦርሳን እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ብዙ ሰው «ታዲያ በምን እንገብይ?» ሲል እሰማለሁ። ጓዳችሁ ውስጥ የፉርኖ ዱቄት ማዳበሪያ ካለ ከእሱ ጥሩ የገበያ ቦርሳ ይወጣል። ማዳበሪያው ከተሸመነ የፕላስቲክ ክር የተሠራ ስለሆነ በመቀስ ሲቆረጥ ጫፉ ይተረተራል። ስለዚህ የተቆረጠውን ጫፍ በሻማ እሳት ዳር ዳሩን ፈጠን እያሉ ማስነካት ነው፤ ክሮቹ ቀለጥ ብለው ይያያዛሉ። ጭሱ አይጠቅምምና መስኮት ይከፈት። ከዚያ ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፎ መስፋት። ለእጀታው ከአሮጌ ጂንስ እግር በርዝመቱ የተቆረጠ ጨርቅ ተደርቦ ቢሰፋ ጠንካራ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ እጀታውን አፉ ላይ ብቻ ይተክለዋል፤ ሽንኩርትና ድንች ሲገባበት ይገነጠላል። እጀታው በጎን ወርዶ፣ ከታች በመቀመጫው ዞሮ፣ በሌላው ጎን ይውጣ። ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው ክሩ ሳይሆን ጨርቁ ነው። ቦርሳውን ፀሐይ ላይ አታቆዩት፤ ፀሐይ የመታው ማዳበሪያ እየደረቀ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል።

ዱቄት የያዘ ማዳበሪያ እንዲህ ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት የያዘ ዕቃ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው።

በእናቴ ጊዜ የጓዳው ዕቃ ቅል፣ ሸክላ፣ አክርማና ጥጥ ነበር። ቅሉ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ትናንት የያዘው ነገር ዛሬ የሚጠቀምበትን ሰው አይገድልም። የእኛ ጓዳ ተለውጧል፤ ልማዳችን ግን እዚያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሰው በርሚል ይገዛል። ሰማያዊው የፕላስቲክ በርሚል ርካሽና ጠንካራ ነው። ከዚያ በፊት ግን የምግብ ጭማቂ፣ የሳሙና ጥሬ ዕቃ፣ የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል ወይም የእርሻ መርዝ ይዞ ሊሆን ይችላል። ሻጩ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ወረቀቱን ልጦ ያቀርበዋል። ፕላስቲክ አንዳንድ ኬሚካልን ወደ ውስጡ ይመጥጣል። በኦሞ ቢፈተግ፣ በፈላ ውሃ ቢለቀለቅ የመጠጠውን ሁሉ አይተፋም፤ ውሃ ሲቀመጥበት ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ሽታ ስለሌለው ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ገጠር ደግሞ የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ጠርሙስ አለ። ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ጤፍ ላይ ከተረጨ በኋላ ባዶው ዕቃ ክዳን ያለው ጥሩ ዕቃ ስለሆነ መጣሉ ያሳሳል። ለዘይት፣ ለጋዝ፣ አንዳንዴም ለልጅ የውሃ መያዣ ይሆናል። ይህ ዕቃ ለምንም አይሆንም። ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ እጣቢው እዚያው መርጫው ውስጥ ተጨምሮ እርሻው ላይ ይረጭ፤ ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ዕቃው ይበሳ።

የባሰው ግን በየቤታችን ያለው ነው። በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ይቀመጣል። የሃይላንድ ጠርሙስ ለልጅ ዓይን ውሃ ነው፤ በሌላ ነገር ሊያውቀው አይችልም። ጎረቤቴ ቤት ያለ አንድ ሕፃን ከአልጋ ሥር ያገኘውን በረኪና ተጎነጨ። ከዳነ በኋላም ጉሮሮው ለብዙ ጊዜ ምግብ አላሳልፍ አለው። እናቱ በድንጋጤ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከታ ልታስመልሰው ስትል ያስቆመቻት አንዲት የጤና ባለሙያ ናት። ይህን ሁሉም ቤት ይወቀው፦ በረኪና ወይም ጋዝ የጠጣን ሰው እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም። በረኪናው ሲመለስ ያቃጠለውን ጉሮሮ ደግሞ ያቃጥላል፤ ጋዙም ወደ ሳንባ ይገባል። ጠርሙሱን ይዞ በቶሎ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

«አትጣሉ ስትይ ኖረሽ አሁን ጣሉ ልትይ ነው?» የሚለኝ ሰው አለ። የምንጥለው የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የሞተው ከተማው ለዓመታት በከመረው ቆሻሻ ሥር ነው። የሚጣለው ቢቀንስ የሚጠቀመው ሁሉም ነው። ሆኖም ያልተበሳ የመርዝ ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ በእጁ ለቅሞ የሚለየው ሰው ያገኘዋል፤ አጥቦ ይሸጠዋል፤ ዞሮ ተመልሶ ጓዳችን ይገባል። ለቃሚው ላይ አልፈርድም፤ እንጀራው ነው። ሥራው የሚጀመረው ከላይ ነው።

የእርሻ ኬሚካል የሚያስመጣ ድርጅት ባዶውን ዕቃ መልሶ የመሰብሰብ ግዴታ ይኑርበት። በረኪና የሚሸጥ ሰው በራሱ ጠርሙስ፣ ጽሑፉና ምልክቱ በግልጽ እየታየ፣ ልጅ በማይከፍተው ክዳን ይሽጥ። ምናለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ በርሚል የሚሸጡ ነጋዴዎች የመጀመሪያውን ወረቀት እንዳይልጡ ይደረግ፤ ገዢው አንብቦ ይወስን። ይህ ነጋዴውን አይጎዳም፤ የምግብ በርሚል የያዘው እንዲያውም በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። እስከዚያው ግን እናንተ ጠይቁ። ሻጩ «እኔ እንጃ፣ ታጥቧል» ካላችሁ ለውሃ አትግዙት።