ሲፕሮ ያለ ማዘዣ መሸጡ ይቁም

ሽንት ሲሸና ያቃጠለው ሰው ፋርማሲ ጎራ ብሎ «ሲፕሮ ስጡኝ» ይላል፤ ማዘዣ ሳይጠየቅ ከፍሎ ይወጣል። በከተሞቻችን የተለመደው ይህ ሽያጭ ሕገ ወጥም አደገኛም ነው። መቆም አለበት እንላለን።

ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ በአጭሩ ሲፕሮ፣ በራሱ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ሐኪም አመዛዝኖ ሲያዘው ከባድ የኩላሊት ኢንፌክሽንን ጭምር ያክማል። ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ግን ቀዳሚ ምርጫ ሊሆን አይገባም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. ሲፕሮና መሰሎቹ ጅማት ሊበጥሱ እንደሚችሉ የሚገልጽ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲታተምባቸው አዟል። በ2016 ደግሞ ሌላ አማራጭ ላለው ታካሚ ለቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዳይታዘዙ መክሯል። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለጅማት ጉዳት ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ማዘዣ የማይጠይቅ ሻጭ ዕድሜም ሆነ ሌላ መድኃኒት አይጠይቅም።

ጉዳቱ በገዢው ላይ ብቻ አያበቃም። የአብዛኛው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መንስኤ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ሲፕሮ በዘፈቀደ በተወሰደ ቁጥር መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ፤ ወደ ሌላውም ሰው ይዛመታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሲፕሮን ጥንቃቄ ከሚሹት አንቲባዮቲኮች፣ ለፊኛ ኢንፌክሽን የሚሰጠውን ናይትሮፉራንቶይንን ደግሞ በቀዳሚነት ከሚመረጡት የመደበው ለዚህ ነው። ናይትሮፉራንቶይንም ቢሆን ኩላሊት ለደረሰ ኢንፌክሽን አይበቃም፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውና ለመውለድ ለተቃረበች እናትም አይሰጥም። ምርጫው የባለሙያ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

«ድሃው የምርመራውን ወጪና ወረፋውን አይችልም» የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። መልሱ ግን ሕግ መጣስ ሳይሆን የሽንት ምርመራን በየጤና ጣቢያው በርካሽና በፍጥነት ማዳረስ ነው። ሕመሙ ለሚመላለስበት ታካሚም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ የካልቸር ምርመራ ሊቀርብለት ይገባል።

የፋርማሲ ባለሙያዎች ያለ ማዘዣ አንሸጥም ይበሉ። የፌዴራልና የክልል ተቆጣጣሪዎች የተሸጠውን ሲፕሮ ከተቀመጠው ማዘዣ ጋር ያመሳክሩ፤ ደጋግሞ የሚጥሰውን ፈቃዱን ይንጠቁ። ታካሚውም ትኩሳት፣ የጎን ሕመም ወይም ትውከት ካለው፣ ነፍሰ ጡርም ከሆነች፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።