ስለ ብርሃን ረቂቅ ባሕርይ

ብርሃን እንደ ጠጠር የሚወረወሩ የጥቃቅን ኳሶች ጅረት ነው እያሉ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ነገሩን እናቀልላለን ሲሉ ዋናውን ምሥጢር ከተማሪው እንደሚሰውሩበት ልብ ሊሉት ይገባል።

እርግጥ ነው፣ አልበርት አይንስታይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 እንደ ገለጸው፣ ብርሃን ኃይሉን ለግዙፉ አካል የሚያስረክበው በማይከፈል መስፈሪያ እየተቈጠረ ነው፤ ፎቶን የምንለውም ይኸው ሲሆን፣ መጠኑ በቀለሙ ስለሚወሰን የሰማያዊው ከቀዩ ይበልጣል። ነገር ግን በ1909 ጄፍሪ ቴይለር የተባለው ወጣት እንግሊዛዊ አንዲት መርፌ ብርሃን በማይዘልቀው ሣጥን ውስጥ አቁሞ፣ ከአንድ ማይል በላይ ርቆ የሚነድ ሻማ በሚያህል እጅግ በደከመ ብርሃን፣ ጥላዋን 2000 ሰዓት ያህል፣ ማለት ሦስት ወር ግድም፣ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ባሳረፈ ጊዜ፣ በጥላዋ ዳርቻ የተሣሉት የሞገድ መስመሮች በብርቱ ብርሃን ከሚሣሉት በጥራት አንዳች አላነሱም።

እንግዲህ ብርሃኑ ደክሞ ፎቶኖቹ አንድ በአንድ ሲያልፉም መስመሮቹ ካልጠፉ፣ ፎቶን በሰሌዳው ላይ በአንዲት ነጥብ ቢያርፍም፣ የት ሊያርፍ እንደሚችል የሚወስነው የሞገድ ሕግ ነውና፣ ብርሃን ኳስ ብቻ ወይም ሞገድ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ስለዚህ የፊዚክስ መጻሕፍታችን ከትርጓሜው አስቀድመው የቴይለርን መርፌ ለተማሪው ቢያሳዩት እመርጣለሁ።