የመልአኩ ዐይን ላይ የካሜራ ቀዳዳ

ጎንደር ፒያሳ ላይ የስልክ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች አንዱ ጋ ቆም በሉና የተሰቀሉትን ከቨሮችና ስቲከሮች እዩ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት አሉ። የፋሲል ግንብ አለ። ዋልያም አለ፤ ግንቡ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ከስሜን ማን እንዳወረደው እንጃ። ለታብሌት ጀርባ የሚሆነው ሰፊው ስኪን ላይ ደግሞ መላእክቱ በረድፍ በረድፍ ይደረደራሉ፤ ከመካከላቸው የአንዱ ዐይን ላይ የካሜራ ቀዳዳ ተከፍቶበታል።

ይሄ ቀዳዳ ያናድደኛል። ቅዱስ ሥዕል ፕላስቲክ ላይ ይታተም አይታተም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ቀዳዳው ይህንን ነገር ማንም እንዳልሣለው ይመሰክራል። የሚሥል ሰው ቢኖር ካሜራው የት እንደሚያርፍ አይቶ ሥዕሉን በዚያ ልክ ያዘጋጅ ነበር። ደብረ ብርሃን ገብቶ አንገቱን ወደ ጣሪያው ያቀና ሰው ከሁሉ በፊት የሚያየው ዐይን ነው። ያንን ዐይን መብሳት የሚችለው አንድ ቱሪስት ያነሳውን ፎቶ ከጉግል አውርዶ፣ ወጥሮ፣ «ፕሪንት» የሚለውን የተጫነ ሰው ብቻ ነው።

«ኧረ ስቲከር ነው፣ ምን ጥበብ አለበትና!» የሚሉኝ አሉ። እነሱን ማኅደር አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ እላቸዋለሁ። የብራና መጽሐፍ ያለ ልብስ አይሄድም ነበር። ደጓሹ የእንጨቱን ገበታ በቆዳ ያለብሳል፤ በጋለ ብረት እየተጫነ መስቀሉንና ሐረጉን ያወጣበታል፤ አንዳንዴም በውስጥ በኩል፣ ገበታው ላይ፣ ከሩቅ አገር የመጣ የሐር ቁራጭ ይለጥፋል። ከዚያ በላይ ማኅደሩ አለ፤ በመጽሐፉ ልክ ተለክቶ የተሰፋ፣ ማንገቻ ያለው፣ ግድግዳው ላይ ካለ ኩላብ የሚንጠለጠል የቆዳ ቤት። ተማሪው ከደብር ደብር ሲዞር ከዝናብና ከአቧራ የሚጠብቅለት እሱ ነበር። እንግዲህ የሚነበብ ዕቃን ማልበስ፣ ያንንም ልብስ ማሳመር፣ ከቻይና በካርቶን የመጣልን ሐሳብ አይደለም። ዛሬ ውዳሴ ማርያሙን ታብሌት ላይ የሚያነብ ዲያቆን ሞልቷል። የሱ ታብሌት ልብስ ከማኅደሩ ያነሰ ትኩረት የሚገባው ለምንድነው?

ደግሞ ያንን ቆዳ ያለፋው ሰው ምን ይባል እንደነበር እናውቃለን። «ፋቂ»። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ቀነሰ እንበል፤ ንቀቱ ግን ቅርጹን ለውጦ አለ። ከቨር ስንገዛ ለፕላስቲኩ እንከፍላለን፣ ለአታሚው እንከፍላለን፣ ለሱቁ ኪራይ እንከፍላለን። ለሥዕሉ ሲሆን «ከቴሌግራም ነው ያገኘሁት» ይባላል።

ይሄ ስም የማጥፋት ነገር ሥር አለው። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ የገባ ሰው እቴጌ ምንትዋብን በእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ያያቸዋል። ያሠሩት ሰው ይታወቃሉ። የሣለውስ? የጎንደር ዘመን ሥዕል በዓለም ቤተ መዘክሮች «አንደኛው የጎንደር ስልት»፣ «ሁለተኛው የጎንደር ስልት» እየተባለ ይመደባል፤ የአብዛኞቹ ሠዓሊዎች ስም ግን ጠፍቷል። የዚያን ጊዜው ሠዓሊ ስሙን የተወው በትሕትና ነው ብለን እንለፈው። የዛሬው ልጅ ግን ስሙን ጽፏል። ጥግ ላይ ፈርሟል። ፊርማውን ቆርጦ የጣለው አታሚው ነው፤ ይሄን ትሕትና የምንለው አይመስለኝም።

ጎንደር ሥዕሏ ሲወሰድባት የመጀመሪያዋም አይደለም። በ1932 እ.ኤ.አ. ከዳካር ጅቡቲ ድረስ የተጓዘው የፈረንሳይ ቡድን፣ ማርሴል ግሪዮልን ይዞ፣ እዚሁ ከተማ ላይ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቆ ወሰደ። በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊያቸው የሠራው ቅጂ ተለጠፈ። ዋናው ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ይህን ስናወራ እንቆጣለን፣ መቆጣታችንም ልክ ነው። አስቡት ግን፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ የቅጂው ሠዓሊ እንኳን ስሙ ተመዝግቦለታል። እኛ የሰፈራችን ልጅ የሠራውን ኦሪጅናል ያለ ስም እያተምን ነው።

«ማስተዋወቅ እኮ ነው፣ ልጁ ይታወቅበታል» የምትለዋ ሰበብ ደግሞ አለች። በምን ይታወቅ? ስሙ የለበትም! «የሀገር ቅርስ የሁሉም ነው» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። የደብረ ብርሃን መላእክት የማንም የግል ንብረት አይደሉም፣ እስማማለሁ። ውሰዱ፣ ግን እንደ አዲስ ሣሉት። በሕይወት ያለ ሠዓሊ ከመላእክቱ ተነስቶ የሣለው ሥዕል ግን የሱ ነው። የ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ይህንን በግልጽ ይላል። ሥራው ባይመዘገብም ይጠበቃል፤ ባለቤቱ ስሙ እንዲጠራ መብት አለው፤ ጥበቃው ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል።

ሕጉን የምጠቅሰው ሰው ይታሰር ብዬ አይደለም። ጉዳዩ እንጀራ ስለሆነ ነው። ድሮ የጎንደር ወጣት ሠዓሊ ግንቡ አካባቢ ለቱሪስት ይሸጥ ነበር። ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ክልሉ ውስጥ ውጊያ ተነሳ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ተዘጋ። ቱሪስት ሲጠፋ የቀረው ገዢ ስልክ የያዝነው እኛ ነን። ሸራ ገዝቶ ሳሎኑ የሚሰቅል ስንት ሰው አለ? ከቨር ግን ሁሉም ይገዛል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሌላ ይገዛል። ሥዕል ደባርቅ ገበያ ድረስ የሚደርስበት ሌላ መንገድ ካለ ንገሩኝ። እሱንም በነፃ ወስደንበት «ጎበዝ ልጅ ነው» እንላለን።

የሚቻልበት አሠራርም አለ። የቶሮንቶው ጌላስኪንስ ለስልክና ለታብሌት የሚለጠፉ ስኪኖችን ከሠዓሊዎች ጋር ተስማምቶ፣ ስማቸውን ከሥዕሉ ጋር አውጥቶ ሲሸጥ ኖሯል። ሮኬት ሳይንስ አይደለም፣ ከጀርባው ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ሠዓሊዎቹም ቢሆኑ ከኔ አያመልጡም። ያው መልአክ፣ ያው ግንብ፣ ያቺው ጀበና እስከ መቼ? የሊማሊሞ ጠመዝማዛ የት ሄደ? የጭላዳው ቀይ ደረት፣ የቅዳሜ ገበያው የጋቢ ጥለት፣ የአዘዞ ባጃጅስ? ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሥል አታሚው የማንን እንደወሰደ ራሱ አያውቅ።

በ500 ብር የሚሸጥ ስኪን ነው እንበል። ከሱ ላይ 50 ብር ለሠዓሊው ቢሄድ ሱቁ አይዘጋም። ገዢውም አንዲት ጥያቄ ይበቃዋል፤ ከፋዩ እሱ ነውና ሳያፍር ይጠይቃት፦ «ማን ነው የሣለው?» ባለሱቁ ትከሻውን ከነቀነቀ ያ ከቨር ይቅርባችሁ፣ ከጎን ያለው ሱቅ ግቡ። ሦስት አራት ገዢ እንዲህ ካደረገበት በሳምንቱ የልጁን ስልክ ቁጥር ሲያፈላልግ ታገኙታላችሁ።