እንግዳ የሌለው ገና

ታኅሣሥ ሲጋመስ የስልክ ወሬያችን ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ያዘነብላል፤ “ዘንድሮስ ትመጣላችሁ?” ከላሊበላም ሆነ ከላስታ ገጠር ወጥተን አዲስ አበባ ትዳር የመሠረትን ሰዎች ይህችን ጥያቄ በደንብ እናውቃታለን። ጥያቄዋ አጭር ናት። መልሷ ውስጥ ግን የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ፣ የመንገዱ ሰላም፣ የዓመት ፈቃድ፣ የልጆች ትምህርትና የባለቤት ፊት ተደራርበው ይቀመጣሉ።

በዚህ ሳምንት ላነሳ የፈለግሁት ግን ከመሄድና ካለመሄድ ቀድሞ ያለውን ነገር ነው። ከዘመድ ስንርቅ ከበዓሉ የሚጎድለው በትክክል ምኑ ነው? ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን “ምግቡ፣ ጠላው፣ ሽታው” እንላለን። ይኼ እንኳ በገንዘብ ይገኛል። በጉ ሾላ ገበያም አለ፤ ቄጤማ ከየጉልቱ አይጠፋም፤ ጌሾና ብቅል መርካቶ ሞልቷል። ታዲያ ሁሉ ተሟልቶ ቤቱ ባዶ የሚሆንብን ለምንድን ነው?

የላሊበላን ገና ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከገባ ወዲህ፣ በተለይም በዓሉ ሲቃረብ፣ የከተማው ሰው ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም ተሳላሚው ይተማል፤ ከፊሉ በመኪና፣ ከፊሉ ዛሬም ቀናት በእግሩ ተጉዞ። ከተማዋ ያለችው 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነ የታኅሣሥ ሌሊቷ ያንዘፈዝፋል። መጠለያ ያላገኘው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። በዓሉ እንዲህ የሚደምቀው ታኅሣሥ 29 ከጌታ ልደት ጋር የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ስለሆነ ነው። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ግማሹ ከላይ ከዐለቱ ጫፍ፣ ግማሹ ከታች ከግቢው ሆነው ቤዛ ኩሉን ይቀባበላሉ፤ ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው።

ካሜራ ሁሉ የሚያነጣጥረው ወደዚያ ነው። የከተማዋ የቤት እመቤት በዓል ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በፈላ ውሃና በሳፋ ይጀምራል። ከሩቅ በእግሩ የመጣን እንግዳ እግሩን አጥቦ ማሳረፍ የላሊበላ ሰው የቆየ ወግ ነው። እንግዳው ዘመድ አይደለም። በእኛ ቤት ስሙ እንኳ የሚጠየቀው እግሩ ታጥቦ፣ ንፍሮው ከቀረበለት በኋላ ነበር።

አምስት ልጆች ነበርን። ገና ሲደርስ ለእኛ የሚተርፍ መኝታ አልነበረም፤ መደቡም አልጋውም የእንግዳ ነው። የእኔ ሥራ ውሃ ማመላለስ፣ የታላቅ ወንድሜ እንጨት መፍለጥ ነበር። የበዓሉን ወጥ የምንቀምሰው እንግዳ ከተስተናገደ በኋላ ስለነበር ስለ ጣዕሙ ብዙ ትዝታ የለኝም። የሚታወሰኝ ቤታችን ለማያውቁን ሰዎች የሚያስፈልግ ቤት እንደነበር ነው።

ስንርቅ የቀረብን ይህ ይመስለኛል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ሆነን ለአራት ሰው ወጥ ስንሠራ የሚጠብቀን የለም፤ እኛም የምንጠብቀው የለም።

ባለቤቴ በዚህ ሙሉ በሙሉ አይስማማም። እሱ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ለእሱ በዓል ማለት ታላቅ ወንድሙ ቤት ተሰብስቦ ከአንድ መሶብ መቁረስ ነው። “ወንድሜ ናፍቆኝ ጎረቤት ብትጠሪልኝ ምን ይረባኛል?” ይለኛል። እውነቱን ነው። ጎረቤት ወንድምን አይተካም። ልጆቻችን አክስታቸውን በስልክ ብቻ እያዩ ማደጋቸው በእንግዳ ብዛት የሚሽር ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል፤ ዘመድን ዘመድ ስለሆነ እንጠይቀው፣ በዓሉን ደግሞ በእንግዳ እናሙቀው።

ዘመድ መጠየቁ ራሱ ቀላል አይደለም። በደሴና በወልዲያ አድርጎ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው መንገድ በደህናው ጊዜም አድካሚ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በጦርነቱና በግጭቱ የተነሳ መንገድ የተዘጋበት፣ በረራ የተቋረጠበት፣ ስልክ የጠፋበት ጊዜ ነበር። እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ የሰነበተ ሰው፣ የስልክ መጥሪያ ድምፅ ብቻውን በዓል እንደሆነ ያውቃል።

ብዙዎቻችን የምንሞክረው ሌላው መላ እናትን ለበዓሉ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ሳፋ ይዛ ማጎንበስ ከብዷታል። “ለገና እኛ ጋ ነዪ” ስንላት ግን እሺ አትልም። “እኔ ከመጣሁ በሩን ማን ይከፍታል?” ትላለች። ወንድሞቼ “አንድ ቀን ብቻዋን ብትወድቅስ?” ብለው ይጨነቃሉ። ጭንቀታቸው የእኔም ነው። ቢሆንም መልሷን እልኸኝነት አልለውም። ዕድሜዋን ሙሉ እንግዳ ስትቀበል የኖረች ሴት፣ እኛ ቤት ብትመጣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን የምታይ እንግዳ ነው የምትሆነው። ለእኛ ናፍቆት ማስታገሻ ብለን እሷን ከበዓሏ ልንነቅላት ነው።

ዘንድሮ የተስማማነው ሌላ ነው። እናታችን በሯን ትከፍታለች፤ እኛ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ውሃውንም ማገዶውንም የምታግዛት የሰፈር ልጅ ደመወዝ አዋጥተን እንከፍላለን። ወንድሞቼ ልባቸው ገና አልረጋም። እኔም በየማታው ሳልደውል አላድርም።

ከእኛ በፊት የባሰውን ርቀት የቀመሱ ወሎዬዎች አሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል አሰፍሯል። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩበት ቤት ብዙ ነው። የእናቴ አጎት ያኔ ፓዊ ሰፈሩ። ወደ ፓዊ ከከምባታና ከሀዲያም ሰው ሄዶ ነበርና ጎረቤታቸው የከምባታ ሰው ሆነ። የመጀመሪያውን ገና ያሳለፉት፣ ጠላ የሚጠመቅበት እህል ስላልነበረ፣ ከእሱ ጋር ቡና ጠጥተው ነው። በመጀመሪያ በጥቅሻ ነበር የሚግባቡት። ኋላ ለልጃቸው ሚስት ሲጠየቅ ሽማግሌ ሆኖ የሄደው ያ ጎረቤት ነው። አጎታችን የላስታን ዘመድ እስከ መጨረሻው ናፍቀዋል። ያለ ሰው ግን አልኖሩም።

እንግዲህ ከራሴም ቤት፣ እንደኔ ርቀው ከሚኖሩ ወዳጆቼም ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ገንዘብ የምትልኩ ከሆነ ኅዳር ላይ ላኩት። የበዓሉ ሳምንት የደረሰ ብር ሽንኩርቱንም ቅቤውንም በውድ ገዝቶ ያልቃል። ኅዳር የደረሰ ግን ጌሾውን፣ ማገዶውንና በጉን ቀድሞ ይይዛል። “ለምን ይሁን?” ብላችሁም እናትን ጠይቁ። እናቴ ባለፈው ዓመት የፈለገችው ልብስ አልነበረም፤ ለእንግዳ የሚሆን ሁለት ብርድ ልብስ ነበር።

ለጥየቃ ገናን ብቻ አትጠብቁ። የገና ሰሞን ላሊበላ የደረሰ ልጅ እናቱን የሚያያት ከወጥ ቤት በር ላይ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው የልጆች የግማሽ ዓመት ዕረፍት ይሻላል። ሕዝቡ ተበትኗል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም፤ አያት ቁጭ ብላ ከልጅ ልጆቿ ጋር ታወራለች።

እዚህ ላለው በዓል ደግሞ እንግዳችሁን ፈልጉ። ከተማው ከዘመዱ በራቀ ሰው የተሞላ ነው፤ የበዓል ዕለት ተረኛ የሆነችው ነርስ፣ አገሩ ያልሄደው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ። ሙስሊም ጎረቤታችሁን ለድፎ ዳቦና ለቡና ጥሩ፤ ሥጋው የተለያየ ቢሆንም ቡናው አንድ ነው። ለልጆቻችሁም ሥራ ስጧቸው። የእኔ የ9 ዓመቷ ልጅ ማስታጠቢያውን ይዛ እንግዳ ታስታጥባለች። ላሊበላ እምዬ እግር እንደምታጥብ ስነግራት ሳቀች፤ ቀጥላም “ውሃው ሙቅ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። አያቷን ከብዙ ፎቶ ይልቅ በዚህች ጥያቄ የቀረበቻት መሰለኝ።

በዓሉ በአንድ ቀን እንዳይቀር የሚፈልግ ካለ ማኅበር አለ። የገና ቀን 29 ነው፤ በየወሩ 29 ደግሞ ባለ ወልድ ነው። አምስት ስድስት ቤት ሆናችሁ ጽዋ ብትጠጡ፣ ለገና እንግዳ የምትፈልጉበት ጭንቅ ከወዲሁ ይቀላል፤ ልጆችም በየወሩ እጁን ስመው የሚቀበሉት ትልቅ ሰው ያገኛሉ።

እስከዚያው ግን ዘንድሮ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ታች ወርዳችሁ የግቢውን ጥበቃ “አባባ፣ ገናን ከማን ጋር ነው የሚያሳልፉት?” ብላችሁ ጠይቋቸው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ለአራት ሰው ይበዛል።