ስለ ቤተ መዘክርና በእጅ ስለሚያዝ አስጎብኚ

ቤተ መዘክር የሚቋቋመው ያለፈው ትውልድ ያበጀውና የተገለገለበት ነገር ሳይጠፋ ለሚመጣው ትውልድ እንዲታይ ነው። ነገር ግን ዕቃ ብቻውን አይናገርም። ከሩቅ አውራጃ የመጣ ሰው በመስተዋት ውስጥ በተቀመጠ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ ፊት ቢቆም፥ ከአጠገቡ የሚያገኘው ስሙንና ዘመኑን በሁለት መስመር የምትገልጽ ካርድ ናት። ማን ሠራው፥ እንዴት ተሠራ፥ ለምን አገልግሎት ዋለ፥ እንዴትስ እዚህ ደረሰ ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ካላገኘ፥ ዐይኑን አጥግቦ ልቡን ሳያጠግብ ይመለሳል።

ዐዋቂ አስጎብኚ ከአጠገቡ ቢቆም ይህ ችግር ባልኖረ ነበር። ሆኖም አንድ አስጎብኚ በቀን ለሚመጣው ሰው ሁሉ ሊበቃ አይችልም፤ ከደከመውም በኋላ የሚናገረው ከልቡ ሳይሆን ከልማዱ ነው። ስለዚህ በሌላው ዓለም ያሉ ቤተ መዘክሮች የዐዋቂውን ቃል በመሣሪያ አድርገው ለጎብኚው ማሰማት ከጀመሩ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 ዓመት በአምስተርዳም ከተማ የሚገኘው የስቴዴሊክ ቤተ መዘክር፥ በቴፕ የተቀዳ ንግግር በሬዲዮ ሞገድ እያስተላለፈ ጎብኚዎቹ በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰሙት አደረገ። ንግግሩ ለሁሉም ባንድ ጊዜ የሚደርስ ስለ ነበረ፥ ሰዎቹ ባንድነት ወደ አንድ ሥዕል ዞረው ባንድነት ያልፉ ነበር። ጥቂት ቆይቶም በአሜሪካ አገር በሃይድ ፓርክ የሚገኘውን የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ቤት በመሣሪያ የሚያስጎበኘው ድምፅ የባለቤታቸው የወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልት ድምፅ ሆነ። ቤቱን ከኖረበት ሰው ይልቅ ማን አሳምሮ ሊያስጎበኝ ይችላል?

ዛሬ መሣሪያው በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ የሚገኘው የእጅ ስልክ ነው። በዚህም የተነሣ ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ገንዘብ መድቦና ባለሙያ ተዋውሎ በስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ማሠራት፥ ከዚያም በሥነ ሥርዓት መርቆ መክፈት የሚበቃ ይመስላል። እኛ ግን መጀመሪያ መሰናዳት የሚገባው መሣሪያው ሳይሆን ቃሉ ነው እንላለን፤ ቃሉም የሚሰናዳው ጎብኚው በዕቃው ፊት ቆሞ የሚጠይቀውን ከሰሙ በኋላ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በኒውዮርክ የሚገኘው የብሩክሊን ቤተ መዘክር ነው። ይህ ቤተ መዘክር በፈረንጆች 2015 ዓመት፥ ጎብኚው በስልኩ ጥያቄ የሚልክበትን፥ የጥበብ ታሪክ የተማሩ ሰዎችም ወዲያው የሚመልሱበትን መተግበሪያ አወጣ፤ ስሙንም «አስክ» ማለት «ጠይቅ» አለው። ይህን ከማድረጉ በፊት ግን ሠራተኞቹን በየአዳራሹ አቁሞ ከሕዝቡ ጋር አነጋገራቸው፤ በዚህም ጎብኚው ከሁሉ አስበልጦ የሚፈልገው ከሚያውቅ ሰው ጋር መነጋገርን መሆኑን ተረዳ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰዎችን እየጠራ፥ መሣሪያ እየሰጠ፥ ስሕተቱን እያረመ ደጋግሞ ሞከረ። መልስ ሰጪዎቹ ጠያቂው በየትኛው ዕቃ አጠገብ እንደ ቆመ እንዲያውቁም፥ በብሉቱዝ ምልክት የሚልኩ ትናንሽ መሣሪያዎች በየአዳራሹ ተተከሉ።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው ትምህርት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ስልክ ዐይንን ከሥዕሉ ነጥቆ ወደ ራሱ እንደሚስብ ሁሉም የሚፈራው ነገር ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መልስ ሰጪው ሰው ብልኅ ሲሆን፥ ጠያቂውን መልሶ «እጁን እንዴት እንደ ያዘ እይ፤ ከኋላው ያለውስ ምን ይመስልሃል?» ይለዋል፤ ያን ጊዜ ጎብኚው ስልኩን ዝቅ አድርጎ ሥዕሉን ዳግመኛ ይመለከታል። እውነቱን ለመናገር በመተግበሪያው የተጠቀመው ከጎብኚው ሁሉ ጥቂቱ ብቻ ነበር፤ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው እንዲመልሱ ማድረግም ብዙ ወጪ አለበት። ስለዚህ የብሩክሊንን ሥራ እንዳለ ገልብጡ አንልም። ጥያቄን አስቀድሞ ማድመጥ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

በአውስትራሊያ በታዝማኒያ ደሴት በሆባርት ከተማ በፈረንጆች 2011 ዓመት የተከፈተው «ሞና» የተባለው ቤተ መዘክር ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። በግድግዳው ላይ የማስረጃ ጽሑፍ ሳያኖር «ኦ» ብሎ የሰየመውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ለጎብኚው ሰጠ፤ ጎብኚውም በአቅራቢያው ስላሉት ሥራዎች በእርሱ ያነባል፥ ወደድሁ ወይም ጠላሁ ይልበታል፥ ወደ ቤቱም ሲመለስ የጎበኘውን መልሶ ሊያይ ይችላል። ይህ በአንድ ባለጸጋ ገንዘብ የቆመ ነውና እንደ ፈቃዱ ቢያደርግ የሚነቅፈው የለም። የመንግሥት ቤተ መዘክር ግን የሁሉ ነው፤ ስልክ የሌለውን ገበሬና ተማሪ ከዕውቀት ደጅ ውጭ ሊያቆም አይገባውም። ካርዱ ከዕቃው አጠገብ ይነሣ የሚል ሐሳብ ቢመጣ እኛ አንደግፍም።

አሁን ነገሩን ወደ አገራችን እንመልሰው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችውን፥ ዕድሜዋም ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነውን ድንቅነሽን ለማየት ተማሪዎች በብሔራዊ ሙዚየም ይሰለፋሉ። አንድ ሕፃን በፊቷ ቆሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሊቃውንት ያወጡላትን የላቲን ስም አይመስለንም፤ «አጥንቱ ራሱ ይህ ነውን? ሴት መሆኗንስ በምን አወቁ?» ይላል እንጂ። ዘወትር ለእይታ የሚቀርበው አምሳያው መሆኑን፥ ዋናው አጥንትም ለጥንቃቄ ለብቻው እንደሚጠበቅ ሳይሸሽጉ መንገር ያስፈልጋል። ይህን የመሰለ ጥያቄ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ አይገመትም። ሁለት ጸሓፊዎች ለአንድ ወር በአዳራሽ ቆመው ሕዝቡ የሚለውን ቢጽፉ፥ ከብዙ የጥናት ስብሰባ የበለጠ ፍሬ ያመጣሉ።

ለካህናትና ለሊቃውንትም የምንለው አለን። በየቤተ መዘክሩና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት የሚገኘውን የብራና ወንጌል እንመልከት። ቆዳው እንዴት ተወጥሮ እንደሚፋቅ፥ ቀለሙ እንዴት እንደሚበጠበጥ፥ ስመ አምላክና ስመ ቅዱሳን ስለ ምን በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ጠንቅቆ የሚናገር ቁም ጸሓፊ ወይም መሪጌታ በየደብሩ አለ። አስጎብኚው መሣሪያ የእርሱን ድምፅ ቢይዝ፥ ጎብኚው የሚሰማው የሥራውን ባለቤት ነው፤ ከከተማ የተቀጠረ ድምፀ መልካም ሰው ጽሑፉን ቢያነበው ግን ያ ጣዕም አይገኝም። እኒህ አባቶች በሕይወት ሳሉ መቅዳት ይገባል፤ መተግበሪያው ሌላ ዓመት ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ ያልተቀዳ ሽማግሌ ግን ነገ አይገኝም።

የማይታየውንና የማይነገረውን አስቀድሞ መለየትም የካህናቱ ድርሻ ነው። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት 11 ታቦታት ለሕዝብ አይታዩም፤ (ስፍራቸው እዚያ አለመሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ እርሱ ሌላ ቀን እንጽፋለን።) የባዕድ አገር ቤተ መዘክር ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፥ እኛም የትኛው ንዋየ ቅድሳት ፎቶግራፍ እንደሚነሣ፥ የትኛውም እንደማይነሣ ካሜራው ሳይመጣ ልንወስን ይገባናል። ከተሰራጨ በኋላ ከስልክ ወደ ስልክ የሄደውን ሥዕል መመለስ አይቻልም።

የቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው፤ በጥቂቱ እናመለክታለን። ጎብኚው በኢንተርኔት ዋጋ እንዳይቸገር ንግግሩና ሥዕሉ በመግቢያው በር ላይ በነጻ ዋይፋይ ተጭኖ ከዚያ ወዲያ ያለ መስመር እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ስልክ ለሌለው ወይም ባትሪው ላለቀበት በውሰት የሚሰጥ መሣሪያ ይዘጋጅ። ለአንድ ዕቃ የሚደረገው ንግግር ከሁለት ደቂቃ ባይበልጥ ቆሞ የሚሰማው አይሰለችም። ለማይሰማ ሰው ጽሑፉ፥ ለማያይ ሰው የዕቃው መልክ በቃል ይቅረብ። ቋንቋውም አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ ከቀረ ከኦሮሚያ፥ ከትግራይ፥ ከሶማሌና ከሌላውም ክልል የመጣው ተማሪ በገዛ አገሩ ቤተ መዘክር እንግዳ ይሆናል።

ደግሞ ዕቃ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ለጥገናም ይነሣል። ያን ጊዜ መሣሪያው ዕቃው በሌለበት ቦታ «ወደ ግራህ ተመልከት» ማለቱን ይቀጥላል። ስለዚህ መተግበሪያ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ከውሉ ጋር፥ ቃሉን በየጊዜው የሚያርመውን ሹም በስም፥ ደመወዙንም በበጀት ጽፎ እንዲያቀርብ ይታዘዝ።