ጣይቱ ሆቴል፦ በአገልግሎት ላይ ያለ ቅርስና የጥበቃው ኃላፊነት

በአዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል መሆኑ ይታወቃል። ከሌሎች የመዲናዋ ታሪካዊ ሕንፃዎች የሚለየው ግን በዕድሜው ብቻ አይደለም፤ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላም የተሠራበትን ዓላማ በማገልገል ላይ መገኘቱ ጭምር ነው። ጥበቃውን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች፣ ነጋዴዎችና ተጓዦች ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ በብዛት መምጣት ጀመሩ። እንግዳው ግን ወይ በቤተ መንግሥት መስተንግዶ፣ ወይ በአገሩ ሰዎች ዘንድ፣ አለዚያም በድንኳን ከማረፍ በቀር አማራጭ አልነበረውም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1890ዎቹ መጨረሻ ሆቴሉን ያቋቋሙት ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነበር። በኅብረተሰቡ ዘንድ ለእንግዳ ምግብ ሸጦ ገንዘብ መቀበል እንግዳ ነገር ስለነበር፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው በሆቴሉ ተመግበው ሒሳብ በመክፈል ለመኳንንቱ አርአያ እንደሆኑ ይተረካል። የምሥረታው ዘመን በአብዛኛው 1898 ዓ.ም. ተብሎ ይጠቀሳል። አንዳንድ የውጭ የጉዞ ጽሑፎች ይህንኑ ቁጥር ሳይቀይሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚወስዱት ሆቴሉን ያለ ዕድሜው ያስረጁታል።

ሆቴሉ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በመንግሥት እጅ ቆይቶ በፕራይቬታይዜሽን ሂደት ወደ ግል ባለሀብት ተዛውሯል። ሰፊው የእንጨት ደረጃ፣ የእንጨት ወለሉና ሰገነቱ፣ እንዲሁም የታወቀው የጾም ቡፌ የውጭ አገር ጎብኝዎችንም ሆነ የከተማዋን ነዋሪዎች ሲስቡ ቆይተዋል።

ይሁን እንጂ ለሕንፃው ውበት የሰጠው እንጨት የአደጋ ተጋላጭነቱም ምንጭ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የተነሳው የእሳት ቃጠሎ የጃዝ ሙዚቃ ይቀርብበት የነበረውን ጃዝአምባን አውድሟል፤ በዋናው ሕንፃ ላይም ጉዳት አድርሷል። ሆቴሉ ከጥገና በኋላ ወደ አገልግሎት ቢመለስም፣ የተቃጠለ የመቶ ዓመት እንጨት በአዲስ ሲተካ የሚመለሰው ቅርጹ እንጂ ቅርሱ ራሱ አይደለም።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግል ይዞታ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ፣ የጥገና ሥራም አስቀድሞ በባለሥልጣኑ እንዲፈቀድ ይደነግጋል፤ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን የመንግሥት እገዛ የሚታሰብበትን መንገድም ይከፍታል። የድንጋጌዎቹ ዋና ትኩረት ግን በጥገናና በእድሳት ላይ ነው። በየዕለቱ ምድጃ የሚነድበትና የኤሌክትሪክ ጭነት የሚፈራረቅበት ሕንፃ አደጋ የሚደርስበት በእድሳት ወቅት ብቻ አይደለም። ከዚህ አኳያ የቅርስ፣ የቱሪዝምና የእሳት አደጋ መከላከል መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው ተለያይተው የሚያደርጉት ቁጥጥር በቂ ሊሆን አይችልም። የሦስቱ ባለሙያዎች በአንድነት የሚፈትሹት የኤሌክትሪክ መስመርና የማብሰያ ክፍል፣ ከቃጠሎ በኋላ ከሚወጣው የጥገና ገንዘብ እጅግ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በአካባቢው በርካታ አሮጌ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ፣ የቀሩት ጥቂት የዘመኑ ሕንፃዎች የአካባቢውን የቀድሞ ገጽታ የማስረዳት ድርሻቸው ጨምሯል። ጣይቱ ሆቴል ደግሞ ከእነዚህ መካከል ማንኛውም ሰው የአልጋ ወይም የምሳ ሒሳብ ከፍሎ ሊገባበት የሚችል ነው።